የዶይል ሰባት ቤት

ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ራሴን ልክሰስ፤ ደስ የሚል ወሬ አፌ ውስጥ አያድርም። የሚያሳዝን ወሬ አንድ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል። ደስ የሚለው ግን ደረቴን እየደበደበ ካላወጣኸኝ ይለኛል፤ እኔም ደግ ሰው ስለሆንኩ አወጣዋለሁ። በዚህ ጠባዬ የተነሳ በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ እዚሁ ኦክላንድና ሳን ሆዜ መካከል፣ የገዛ እህቴ ሰርግ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር።

እህቴ ሰብለ ፓሎ አልቶ ነርስ ናት። በምትሠራበት ሆስፒታል ራጅ የሚያነሳ ፓትሪክ ዶይል የሚባል ልጅ ወደደች፤ እሱም ወደዳት። ረጅም፣ ጸጉሩ ቀይ፣ ፊቱ በጠቃጠቆ የተሞላ፣ ዘሩ አይሪሽ የሆነ ልጅ ነው። እኔ ሰው ለመውደድ ብዙ ጊዜ አልፈጅም። ቤቴ የመጣ ዕለት ያጎረስኩትን ሳይውጥ ለሁለተኛው አፉን ሲከፍት ሳየው፣ ይሄ ልጅ ይዋል ይደር እንጂ አማቻችን ነው ብዬ ጨረስኩ።

ችግሩ እኔ ብጨርስ የሚያልቅ ነገር አለመኖሩ ነው። አባታችን ስለሌለ የቤታችን ትልቅ ሰው ሳን ሆዜ ያሉት አጎታችን ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። በሱዳን በኩል ስንወጣ ሰብለን በትከሻቸው ተሸክመው ያሻገሯት እሳቸው ስለሆኑ፣ ያለ እሳቸው ምርቃት ማግባት ለእሷ የማይታሰብ ነው። ጋሽ ወርቅነህ አገር ቤት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። እዚህ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ተቀምጠው ቲኬት ይሰጣሉ። ሥራው ተለወጠ እንጂ ሰውየው አልተለወጡም፤ ዛሬም አንድ መኪና በበራቸው ሲገባ መዝገብ የተከፈተ ይመስላቸዋል።

ሰብለ ስለ ፓትሪክ ስትነግራቸው ፈረንጅ ነው ብለው አልተቆጡም። ሃይማኖቱን ቄሱ ይዩት አሉ። ደመወዙንም አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰባት ቤት ይቁጠር አሉ። እንደምታውቁት በእኛ ደንብ ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ እስከ ሰባት ትውልድ አያት ቅድመ አያታቸው ይቆጠራል፤ መሐል ላይ አንድ የጋራ ሰው ብቅ ካለ ዘመድ ናቸውና ጋብቻው ይቀራል።

ሰብለ ሳቀች። «ጋሼ፣ እሱ እኮ አይሪሽ ነው፤ ከእኛ ጋር ዘመድ የሚሆነው በአዳም በኩል ብቻ ነው» አለቻቸው። እሳቸው አልሳቁም። ደንብ የወጣው ሰው እንዲመርጥበት እንዳልሆነ፣ ሰባት አያቱን የማይቆጥር ሰው ከየት እንደመጣ እንደማይታወቅ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ እንደማይታወቅ አስረዷት። ቀጠሮም ሰጡ። በሦስተኛው እሁድ የልጁ አባት ሽማግሌ ይዘው ሳን ሆዜ ይምጡ፣ ሰባቱን ይቁጠሩ፣ ልጅቷን ይጠይቁ። ካልሆነ ምርቃት የለም።

ሰብለ ደወለችልኝ። «ፕሊስ አባቱን አንተ አነጋግርልኝ። እኔ ደብል ሺፍት ላይ ነኝ። ሰባቱን ስም ጽፈህ ላንች ሰዓት ላይ ኮል አድርግልኝ። ሌላ ምንም ነገር እንዳታደርግ» አለችኝ። ሌላ ምን አደርጋለሁ ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ።

የፓትሪክ አባት ኦክላንድ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን በሙሉ ወደቡ ላይ ክሬን ሲያንቀሳቅሱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ አዛውንት ናቸው። እኔ ኤመሪቪል አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ዕቃ አውርጄ የምደረድር ሰው ነኝ፤ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ደብተሬን ይዤ በሄድኩ ጊዜ በልቤ ሥራውን ግማሽ ጨርሼው ነበር። ለምን? ልጁ ፓትሪክ ዶይል ነው፤ እንግዲህ አባቱ ዶይል ናቸው። በእኛ አገር ሕግ ከሰው ስም ቀጥሎ ያለው አባቱ ነው፤ የአየርላንድን ሕግ ማን ጠየቀ?

«ሚስተር ዶይል» ብዬ እጅ ነሳሁ። አቤት አሉ። እስከዚህ ድረስ ስህተት የለም። ደብተሬን ገልጬ የአባታቸውን ስም ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ዶይል ናቸው አሉኝ። የአያትስ? ዶይል። የቅድመ አያትስ? ግራ እየተጋቡ፣ እሳቸውም ያው ዶይል መሆን አለባቸው አሉኝ። ሻይ ሳይቀርብ ሰባት ላይ ደረስኩ። ምን ዓይነት የተባረከ ቤት ነው እያልኩ ስምንተኛውን ለትርፍ ስጠይቃቸው ሰውየው ደብተሬን ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከላይ እስከ ታች ዶይል፣ ዶይል፣ ዶይል ተደርድሯል። እስኪያስላቸው ሳቁ። ለካ እሳቸው ማይክል ናቸው፤ ዶይል የቤተሰቡ ሁሉ ስም ነው።

ሰባቱን ሰርዤ እንደገና ጀመርኩ። ፓትሪክ፣ አባቱ ማይክል፣ አያቱ ፓትሪክ፣ ቅድመ አያቱ ማይክል። አራት። አምስተኛውን ስጠይቃቸው አዛውንቱ ወደ መስኮቱ ዞሩና አላውቅም አሉ። አባባላቸው ጨዋ ሰው ቢሆን ምነው ብሎ የሚጠይቅበት ዓይነት ነበር። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ሄዷል። ስሙ የማይለወጥ ከሆነ ሰባት ሰው ምን ያደርግልኛል? የስሙን ባለቤት፣ የመጀመሪያውን ዶይል፣ ባገኘው ከሰባት ቤት አልፌ ሰላሳ ቤት አልገባም? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ አይደል የሚባለው። ሰብለ ሌላ ነገር እንዳታደርግ ያለችኝን እዚያው ሻይ ላይ ረሳሁት።

ሰኞ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የአየርላንድን የቤተሰብ ስሞች ታሪክ የሚተርክ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አመጡልኝ፤ ከዚያ በኋላ የሆንኩትን መናገር ይከብደኛል። ለካ እነሱም ጥንት እንደኛ ነበሩ! ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራ ነበር። «ማክ» ማለት ልጅ ማለት ነው፣ «ኦ» ማለት የልጅ ልጅ ማለት ነው። ከዚያ የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ የአንዱ ታዋቂ አያት ስም ተጣብቆ ቀረ። እኛ ዘንድ አያት ሦስተኛ ስም ላይ ትንሽ ይቆይና ለተከታዩ ቦታውን ይለቃል። የእነሱ አያት ግን ወንበሩን ይዞ ሺህ ዓመት አልነሳም አለ። ሥልጣን ላይ ሙጭጭ ማለት የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ወዲያው ዶይልን ፈለግኩ። ዶይሎች በፊት «ኦ» ነበረቻቸው፤ በጊዜ ብዛት ጥለዋት ነው። የስሙ ትርጉም ምን ይላል? የጥቁሩ ባዕድ ዘር።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ጮህኩ መሰለኝ፣ ምክንያቱም መጽሐፉን ያመጡልኝ ሴትዮ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መጡ። ጥቁር! ባዕድ! ከአገሩ ርቆ ሰው አገር ሄዶ ኑሮ የጀመረ፣ የልጅ ልጆቹ ስሙን የሚጠሩለት! ይህ ሰው ሐበሻ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? መንገዱንም እዚያው ወንበሬ ላይ አገኘሁለት። ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ወጣ፤ እዚያ ከአይሪሽ መነኮሳት ጋር ተዋወቀ፤ ሲመለስ አብሯቸው ጠፋ። ሁሉ ነገር ልክ ገባ። ማታ ማታ ምን ይበላ እንደነበር ብቻ ነው ያልደረስኩበት። መጽሐፉን ዘጋሁት፤ ገጹን ገልብጬ ብጨርሰው ኖሮ ዛሬ የማወጋችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ግን ገና ማፍሰሴ ነው።

ለሰብለ ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ናት። አሁን እኔ ምን ላድርግ? ወሬው ደረቴን እየደበደበ ነው። ኦክላንድ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ባለ ግሮሰሪ አሉ። ሽሮ ልገዛ ገባሁና፣ ለማንም እንዳይነግሩ አስምዬ፣ የእህቴ እጮኛ አያት ቅድመ አያቱ ከእኛ አገር የወጣ መሆኑን ነገርኳቸው። ወይዘሮ አስካለ እልል አሉ። እኔም ያለ ሽሮ ወጣሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማክሰኞ የወደብ መኪና የሚነዳ አንድ ወዳጄ ነዳጅ ማደያ ላይ አግኝቶኝ፣ አየርላንድ ውስጥ የኢትዮጵያውያን መንደር መገኘቱን ሰምተሃል ወይ ብሎ አዲስ ወሬ አድርጎ ነገረኝ። ተገርሜ ዝርዝሩን ጠየቅኩት። ረቡዕ ዕለት ሰውየው ደጃዝማች ሆነ። ሐሙስ ጎንደሬ ነው የሚሉና ጎጃሜ ነው የሚሉ በስልክ ተጣሉ። ዓርብ ላይ ሁለቱም ወገን ተሸንፎ ሰውየው የቡልጋ ሰው ነው ተብሎ ጸደቀ። በዚህኛው እንኳ እኔ የለሁበትም። ቡልጋ ደግሞ፣ ልብ በሉ፣ የጋሽ ወርቅነህ አገር ነው፤ የእኛም አያቶች አገር ማለት ነው።

ቅዳሜ ሰብለ ደወለች። ድምፅዋን ስሰማ ደስ ያላት መሰለኝ። «ምንድነው ያወራኸው? ጋሼ የሆነ ሰው ደውሎላቸው ፓትሪክ የሥጋ ዘመዳችሁ ነው አላቸው። ሁሉንም ነገር ካንስል ሊያደርጉት ነው» አለች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ልጁን የእኛ ሰው ካደረግኩት ጋሼ በደስታ ይቀበሉታል ብዬ ነበር። የእኛ ሰው የሆነ ዕለት ዘመድ ሆኖ ሊያገባት እንደማይችል ለአንድ ደቂቃ አልታየኝም። በራሴ ሩጫ የእህቴን እጮኛ ወንድሟ አድርጌው አረፍኩ።

እሁድ ሳን ሆዜ፣ ጋሽ ወርቅነህ ሳሎን ተሰበሰብን። ጋሼ ክራቫታቸውን አስረው፣ ጠረጴዛ ስበው፣ መዝገባቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። አዛውንቱ ማይክል አንድ የወደብ ጓደኛቸውን ሽማግሌ አድርገው ገቡ፤ ፓትሪክ ከኋላቸው። በእኛ ደንብ ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ መልስ ሳይሰጠው አይቀመጥም ብዬ መክሬያቸው ስለነበር ሁለቱም ሽማግሌዎች እንደ ቆሙ ቀሩ። አዛውንቱ አንድ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ያወቅኩት በኋላ ነው። ሰብለ ጥግ ላይ ሆና ጣቶቿን ታጣምራለች። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። እኔን በዚያች ዕለት አስተርጓሚ ማድረግ የሰብለ ደግነት ነው፤ ወይም ሌላ ሰው አልተገኘም።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥቁሩ ባዕድ ከቡልጋ የወጣ ነው የሚል ነገር ደርሶኛል። እስከ ትናንት ቆጠራውን የጠየቅኩት ለደንቡ ነበር፤ አሁን የምር ሆነ። ሰባቱ ካልሞላልኝ ዘመድ አይደሉም ብዬ ልፈርም አልችልም» አሉ።

አዛውንቱ ቆጠሩ፤ አራት ላይ ቆሙ። ሰብለ አራት አይበቃም ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሼ ይበቃል ቢሉ ደስ እንደሚላቸው፣ ግን አምስተኛው ላይ የቡልጋ ሰው ቢቀመጥስ ብለው መለሱላት። ለፓትሪክ በእንግሊዝኛ የሆነውን ሁሉ ስነግረው ልጁ ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ ከዚያ የቀረውን ገጽ በቃሉ ነገረኝ። ለካ «ጥቁር ባዕድ» የተባሉት ከዴንማርክ በመርከብ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ስሙ ከሌሎች ባሕር ተሻጋሪ ባዕዶች መለያ ነው፤ ከእኛ መልክ ጋር አይገናኝም።

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ! «ጋሼ፣ ዘመድ አይደሉም! መርከበኞች ናቸው! ከዴንማርክ!» ብዬ ተነሳሁ። ጋሼ ጽፈው ጨረሱና መርከበኞቹ ምን ሊሠሩ እንደመጡ ጠየቁ። ፓትሪክ እውነተኛ ልጅ ነው፤ ገዳም ሊዘርፉ አለ። ልለውጠው አሰብኩ፤ ሰብለ እንግሊዝኛውን ሰምታለችና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ እንዳለ ተረጎምኩት። ጋሼ ብዕራቸውን አስቀምጠው አማተቡ። እንግዲህ እዩልኝ፤ ልጁን ከዘመድነት ላወጣው ብዬ ቤተ ክርስቲያን የሚዘርፍ ሽፍታ አደረግኩት።

ያዳነን የጋሼ መዝገብ ነው። ወደ ስሞቹ ተመልሰው፣ ፓትሪክ፣ ማይክል፣ ፓትሪክ፣ ማይክል እያሉ በብዕራቸው ወረዱ። እየተቀለደባቸው መስሏቸው ነበር። ምነው ስም አጠራችሁ ብለህ ጠይቅልኝ አሉኝ፤ ትንሽ አለስልሼ ጠየቅኩ። አዛውንቱ በቤታቸው የበኩር ወንድ ልጅ ምንጊዜም የአባቱ አባት ስም እንደሚወጣለት፣ የጥንት ደንብ እንደሆነ አስረዱ። ጋሼ ደንብ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ቀና አሉ። አምስተኛውን ለምን እንደማያውቁ በትሕትና ጠየቋቸው። እኔ ያኔ ቤታቸው ሆኜ ልጠይቀው የሚገባኝ ጥያቄ ነው።

አዛውንቱ እንዲህ አሉ፤ «አያቴ በአየርላንዱ ረሃብ ጊዜ አባቱን መንገድ ዳር ቀብሮ ነው የተነሳው። በመርከብ ብቻውን መጣ፤ ልጅ ነበር። አባቴ፣ ስለ አባትህ ንገረኝ ብሎ ስንት ጊዜ እንደጠየቀው አላውቅም። አያቴ እስኪሞት ድረስ የአባቱን ስም አንድም ቀን አልጠራም።»

ተረጎምኩት። በክፍሉ ውስጥ የረሃብን ነገር እንዲነግሩት የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጋሼ ብዕራቸውን በአራተኛው ስም ላይ አሳረፉ።

«አያትዎ የመጀመሪያ ልጃቸውን ማን ብለው ጠሩት?» አሉ።

«ፓትሪክ። አባቴን።»

«በእናንተ ደንብ የበኩር ልጅ የማን ስም ነው የሚወጣለት?»

አዛውንቱ የአባቱ አባት ሊሉ ጀመሩና መሐል ላይ ቆሙ። እኔም መተርጎሙን ተውኩት። የወደቡ ጓደኛቸው ክንዳቸውን ያዛቸው።

ጋሼ ቀስ ብለው «አያትዎ ዝም አላሉም። ልጃቸውን በጠሩ ቁጥር አባታቸውን ይጠሩ ነበር» አሉ። ከዚያ ብዕራቸውን አነሱና በአምስተኛው መስመር ፓትሪክ ብለው ጻፉ።

እኚያ ክሬን ሲያንቀሳቅሱ የኖሩ ሰውዬ መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ሁሉ ዳበሱ። ፓትሪክ አባቱን እንዲያ ሆነው አይቷቸው አያውቅም መሰለኝ ደርቆ ቀረ። እኔ በግልጽ አለቀስኩ፤ የማፍር ሰው አይደለሁም። ጋሼ ግን ሬጅስትራር ናቸውና ሥራቸውን አላቋረጡም። ቀባሪው ልጅ በኩር ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ፣ ከእሱ በታች የነበሩትን ሦስቱን ቀብሯል ተባሉ። እንግዲያው የእሱም ስም ከአባቱ አባት የወጣ ነውና ስድስተኛው ማይክል ነው፤ ደንቡ መሻሩን የሚያስረዳ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ሰባተኛው ፓትሪክ ነው አሉ። ጻፉ፣ አሰመሩ፣ ፈረሙ። ከሰባቱ አንድም ቡልጌ አልተገኘም።

ከዚያ ከጠረጴዛው ተነስተው ሄዱና አዛውንቱን አቅፈው ትከሻቸውን ሳሙ። ወደ እኔ ዞረው፣ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ፣ «በላቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ እኛ ዘመዳሞች ነን» አሉኝ።

ምን ዓይነት የሚያምር ቃል ነው! አፌን ከፈትኩ። ሰብለ ከጥግ ተነስታ ቆማለች፤ ፓትሪክም እጇን ይዟል። አየኋቸው። ዘመድ የምትለውን ቃል ዋጥኳትና ለአዛውንቱ «እሺ ብለዋል፤ አሁን መቀመጥ ይችላሉ» አልኳቸው። ዘመዳሞች መሆናቸውን የነገርኳቸው በሰርጉ ማግስት ነው።